ጫማ ሰፊው ጋሼ ታምራትና ስኒከር የወረረው ዳውንታውን

ማክሰኞ፣ ንጋት

ከክሊቭላንድ ስነሳ ገና አልነጋም። የጋዜጣችን አዘጋጅ «የኮሎምበስ ዳውንታውን በስታርታፖች፣ በአዳዲሶቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች፣ ነፍስ ዘርቷል ይባላል፤ እስቲ ሄደሽ እዪው» ብሎኛል። «ይባላል» የሚሉትን ነገር አላምንም፤ መንገድ ግን እወዳለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል የበቆሎ ማሳ፣ የጭነት መኪና፣ እንደገና የበቆሎ ማሳ። ማደያ ላይ በሦስት ዶላር የገዛሁት ቡና ውሃ ውሃ ይላል።

ጠዋት፣ ፎረስት ፓርክ

ጋሼ ታምራት የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ የሚኖሩት እዚህ ሰፈር ነው። ዳውንታውን፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጫማ ይሰፋሉ። መኪናዬን በራቸው ላይ አቁሜ በእሳቸው መኪና ተሳፈርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የታጠፈ ወረቀት ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የሱቁ ሊስ፣ የኪራይ ውሉ ነዋ። እስከ አርብ ሪኒው ካላደረግሁ እለቃለሁ። ባለቤቴ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሥራ አፕላይ አድርጋልኛለች። ቤኔፊት አለው ትላለች፤ እውነቷን ነው።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ፍሬቻ አብርተው ሌን ቀየሩ።

«ስታርታፖቹ መጥተው የለ እንዴ?» አልኩ።

«መጥተዋል! እግራቸውን አይተሻል ግን?»

ረፋድ፣ ሃይ ስትሪት

ሰዉ ከቤት መሥራት ሲጀምር እዚህ የቀሩት ርግቦችና እሳቸው ብቻ ነበሩ አሉኝ። አሁን ግን መንገዱ ሰው በሰው ነው። ድሮ የጠበቆች ቢሮ የነበሩትን ፎቆች ስታርታፖች ተጋርተው ተከራይተዋል። ታኮ የሚባለውን የሜክሲኮ ምግብ የሚሸጠው መኪና ፊት ሰልፍ አለ፣ ብስክሌቶች በየምሰሶው ታስረዋል፣ ወጣቶቹ እየሄዱም ያወራሉ። አዘጋጃችን ልክ ነበር ማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ስኒከር፣ ስኒከር፣ ካልሲ ላይ የተደረገ ሰንደል። ሠላሳ ሰው ቆጠርኩ። የቆዳ ጫማ ያደረገው አንድ ነበር፣ እሱም የሕንፃው ጥበቃ።

ቀትር፣ ምድር ቤት

ሱቁ ሙጫና የጫማ ቀለም ይሸታል። መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡ የቆዳ ጫማዎች ተደርድረዋል።

«ባለቤቶቻቸው በዚያው ቀሩ» አሉ ጋሼ። «መጣል ግን አልሆነልኝም።»

አንዱን አንስቼ አቧራውን በእጄ ጠረግሁለት።

በሩን ከፍታ አንዲት ወጣት ገባች። የጀርባ ቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሷል፤ ላፕቶፗን ከነቦርሳው አቅፋዋለች። ፎቅ ላይ ካሉት ስታርታፖች የአንዱ ሠራተኛ ናት፤ ለሐኪም ቤት ወረፋ የሚይዝ አፕ ይሠራሉ። ገንዘብ ሊያወጡ ለሚችሉ ሰዎች ለማሳየት እየሮጠች ነው። ጋሼ ቦርሳውን ተቀብለው ማሽኑ ሥር አስገቡት። አፍታም አልቆየ፣ መለሱላት። ካርዷን አውጥታ ዋጋውን ስትጠይቅ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቷት።

«ኖ፣ ኖ። ጎ፣ ጎ!»

ግራ ተጋብታ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቢዝነስ ነው!»

«ለሁለት ስፌት ምን አስከፍላታለሁ? ደግሞ ቸኩላለች።»

ሱቁን የሚዘጋው ይሄው ደግነታቸው ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ

ልጅቷ ተመለሰች፣ ከአራት ባልደረቦቿ ጋር። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ፣ ታቹ የተቀደደ ቦርሳ፣ የላፕቶፕ ማቀፊያ ይዘዋል። እስከ ዛሬ ሲበላሽባቸው ይጥሉት ነበር፤ እዚህ ታች የሚሰፋ ሰው እንዳለ አላወቁም።

«በነፃ ከሆነ ግን አፍረን አንመጣም» አለች። «እባክዎ ዋጋ ይለጥፉልን።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው የአምስቱንም ጀርባ ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እግር እግራቸውን ሳይ፣ ሥራው ለካ ጀርባቸው ላይ ኖሯል!»

አመሻሽ፣ ወደ ፎረስት ፓርክ

ወረቀቱ ዳሽቦርዱ ላይ የለም። ፈርመው ለሕንፃው ማኔጀር ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዳውንታውን ስንወጣ ባለቤታቸው ጋ በስፒከር ኮል አደረጉ።

«ዌርሃውሱን ካንስል አድርጊው።»

«አንተ ሰውዬ ደህና ነህ? ዛሬ ስንት ጫማ መጣልህና ነው?»

ጋሼ ታምራት ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንድም አልመጣም» አሉ።