ዝንጀሮው አንገት ላይ ያሰርኩት ቃጭል

ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ሰንብቼ ሳለሁ፣ የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን ፊልም ከፈተችልኝ። ገና ያልመጣ ዘመን ነው አለችኝ። ጅራት የሌላቸው ትልልቅ ዝንጀሮዎች እንደ ሰው ይነጋገራሉ፣ ችሎትም ይቀመጣሉ። አንድ ሰው በሰንሰለት አስረው አቆሙና «ምን አድርገናችሁ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው መልስ አጣ።

«አባባ፣ ምነው ፊትዎ ተለወጠ? ፈጠራ እኮ ነው» አለችኝ እየሳቀች።

«ፈጠራስ ፈጠራ ነው። እኔም ብጠየቅ የምለው የለኝም» አልኳት፤ ከዚያ ነገርኳት።

ጉና ሥር ሳርስ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችንን ፈጀው። እንደ አገራችን ልማድ አንዱን በወጥመድ ያዝኩና አንገቱ ላይ ቃጭል በሽቦ አስሬ ለቀቅኩት። መንጋው ድምፁን ሲሰማ ደንግጦ አገር ይለቃል ተብሎ ነው። እውነትም ሸሹ። እሱ ግን ወገኖቹ ናቸውና ይከተላቸዋል፤ በተከተላቸው ቁጥር ይሸሹታል። እንዲህ ገደል ለገደል ሲንከራተት ዋለ።

«ታዲያ አላወለቁለትም?» አለች። ሳቋ ጠፍቷል።

በማግስቱ ላወልቅለት ባቄላ ይዤ ወጣሁ። ምን ብዬ ልጥራው? ቋንቋውን አላውቅ። ቀረብ ስል እኔን ሸሽቶ ወደ እነሱ ሮጠ፤ እነሱም እሱን ሸሽተው ገደሉን ወረዱ። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩ፤ ጭራሽ አላስጠጋኝም። በመጨረሻ ባቄላውን ድንጋይ ላይ አፍስሼለት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።