ደኅናው ይንገረኝ

አባቴ ከቡሬ ወጣ ባለችው ቀበሌያችን ወጌሻ ነበሩ። የእጅ አንጓው የተጎዳ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዙት ደኅናውን እጅ ነበር። «ኧረ አባባ፣ የታመመው ይኼኛው ነው» ብሎ የማይከራከር አልነበረም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠጠር የሚያህሉትን የአንጓውን ስምንት አጥንቶች አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ «ቆይ፣ የታመመው የቱ ጋ እንደተለየ መጀመሪያ ደኅናው ይንገረኝ» ይሉ ነበር። እጁ መዳፋቸው ውስጥ ሲቆይ የሰውየውም ፍርሃት በረድ ይል ነበር።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ ከባጃጅ ስትወርድ ተደናቅፋ መዳፏን ዘርግታ ወደቀች። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ብነካው ጮኸች። አባቴም ቢሆኑ ይህን ቦታ ይፈሩት ነበር፤ «እዚህ ያለችው አጥንት ስብራቷን ትደብቃለች፤ ቶሎ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱት» ይሉ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ቀስ ብሎ «እስቲ እጅሽን» አላት። ልጄ አያቷ ሲሠሩ እያየች ያደገች ናትና፣ ደኅና እጇን ዘረጋችለት።

«እሱን አይደለም የኔ ልጅ፣ የታመመውን» አለና ወደ ሌላው ጎንበስ አለ።

ደኅናው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ፤ የሚይዘው አልነበረም። እኔ ያዝኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ከፍርሃቴ ብዛት አንዱን አጥንት ከሌላው መለየት አቃተኝ።

አባባ፣ እርስዎ በሰላም ይረፉ። ደኅናው ግን እኔን ምንም አልነገረኝም።