ለጥቁሩ ፈረሰኛ ዋስ የሆንኩበት ቀን

መሐል ሜዳ ጌም ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቷ ወይዘሮ ዘውዴ ሦስት ነገር አስጠነቀቁኝ፦ የተሸነፈ ጆይስቲክ ያስረክባል፣ ቴሌቪዥን አይደበደብም፣ መብራት ሲቆራረጥ ሁሉም ከሶኬት ይነቀላል። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ አራተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እችል የነበረው እስከ «ጌም ኦቨር» ድረስ ነው። ለኳስ ጨዋታ ይበቃል። ችግሩ የመጣው ጀግናህን እያሳደግህ፣ መሣሪያ እየሰበሰብህ ለወራት የምትጫወተው ዓይነት ሲዲ ሲገባ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ኃያል ይገጥምሃል፤ እኛ «አለቃ» እንለዋለን። አለቃ ከመዋጋቱ በፊትም ከተሸነፈ በኋላም ወሬ ይወዳል። ተጫዋቹ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም ሳላፍር እተረጉማለሁ።

ጋሽ ደምሴ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ሲመለሱ ዝናብ ይዟቸው ገብተው በዚያው የቀሩ ጡረተኛ ናቸው። የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ስለሆኑ፣ እሳቸው እያሉ ቤቱን የሚያማ ወላጅ አልነበረም።

በመጀመሪያው ሲዲ የመጨረሻውን አለቃ፣ ጥቁር ጥሩር የለበሰውን ፈረሰኛ ሲያሸንፉ ስክሪኑ በጽሑፍ ሞላ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ደማችን ይድረቅ፣ ሁለተኛ ሰይፍ አልመዝብህም ብሎ ማለ» አልኳቸው። አንድም ቃል አልገባኝም ነበር።

«ወንድ ነው» አሉ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

በዓመቱ ሌላ ሲዲ መጣ። ጌም ሠሪዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ የአንዱን ጨዋታ አለቃ ለድሮ ደንበኛ ሰላምታ ይሆን ዘንድ ሌላው ውስጥ ይሰነቅሩታል። የሚያውቅ ያየውና ይስቃል። ጋሽ ደምሴ ሦስት ወር ደክመው የመጨረሻው በር ሲከፈት ያው ፈረሰኛ ቆሟል። አልሳቁም።

«ይኼ ታርቆኝ የለም እንዴ?»

«ከዚያኛው ሲዲ በእንግድነት መጥቶ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የታረቅሁትን ሰው አልመታም።»

ፈረሰኛው ግን መታቸው። እጃቸውን አጣጥፈው እያዩት ሞቱ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ሞቱ። ወረፋ የያዘው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ጨነቀኝ።

«ጋሼ፣ እርቁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ አልገባኝም ነበር።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስለ እሱ የማልከው አንተ ነሃ» አሉ ረጋ ብለው። «እርቅ ሲፈርስ ማን ይጠየቃል?»

«ዋሱ» አለ ወረፋው በአንድ ድምፅ። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም።

ጆይስቲኩን ሰጡኝ። «ሦስት ጊዜ ሞክር። ካቃተህ ድካሜን ትቼ ቤቴ እገባለሁ።»

ወይዘሮ ዘውዴ ከበሩ ሆነው «እሳቸው ከቀሩ አንተም እንዳትመጣ» አሉ።

በመጀመሪያው ጋሻዬን ስፈልግ ሞትኩ። በሁለተኛው መድኃኒት የምጠጣ መስሎኝ ፈረሰኛውን አጠጣሁት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሦስተኛው ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሁለቴ ከመታ በኋላ ያርፋል። ያኔ ግባ።» እጃቸውን አጣጥፈው ሲሞቱ ይህንኑ ሲያጠኑ ኖሯል። እንዳሉኝ ገባሁ፤ ፈረሰኛው ወደቀ።

ስክሪኑ በጽሑፍ ሞላ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«ምን እንደሚል አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እሱ ይሻላል» አሉና ጆይስቲካቸውን ተቀበሉኝ።

ለሙያው ታናናሾች የምለው ይህን ነው፦ ያልገባህን ጽሑፍ አትተርጉም። ከተረጎምክ ግን፣ ውጊያውን አስቀድመህ ተለማመድ።