ጋሽ ዘነበ ያልገዙት ኬክ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ስጸልይም ዙሪያውን እየዞርኩ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩትን» እያልኩ ነበር የማልፈው። ባለማወቅ አልነበረም። አውቄ ነው ያደረግኩት። አሁን አንዴ ተንፍሻለሁና ለእናንተም ልናገረው፤ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ።

ልጄ ሶልያና አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ቺርሊዲንግ ካልገባሁ ብላ ቤቱን አመሰችው። እኛ ወላጆች መጀመሪያ ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባንም፤ ዳር ቆሞ ለኳስ ተጫዋች መጨፈር ነበር የመሰለን። ኋላ ስናይ ልጆቹ እርስ በርስ እየተሸካከሙ ወደ ላይ የሚወራወሩበት ከባድ ስፖርት ሆኖ አገኘነው። በአካባቢያችን ያለው ቡድን ክፍያው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያለን ሐበሻ ወላጆች ተሰባስበን የራሳችንን ቡድን ልናቋቁም ተነሳን። አሥራ አራት ልጆች ተመዘገቡ። የጎደለን ዩኒፎርም፣ ሲወድቁ የሚቀበላቸው ወፍራም ምንጣፍ እና የአሠልጣኝ ክፍያ ብቻ ነበር፤ ማለትም ሁሉም ነገር።

እንደ ልማዳችን አዳራሽ ተከራየን፣ እራት አዘጋጀን፣ ጨረታ አወጣን። መድረኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ኢንሹራንስ ሻጭ ነኝ፤ ምላሴ አሳፍሮኝ አያውቅም። ሐበሻ በሰው ፊት ስሙ ከተጠራ እምቢ እንደማይል ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው የጨረታ ዕቃ አንዷ እናት በድምፅ ማጉያ ቅርጽ የሠራችው ኬክ ነበር። ዘጠኝ መቶ ዶላር ደረሰና አልንቀሳቀስ አለ። ለምንጣፉ ገና ስድስት መቶ ይጎድለናል። «አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚል?» አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሶልያና ከመድረኩ ሥር ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በዚህ መሃል ከኋላ አንድ እጅ ከፍ አለ።

የጋሽ ዘነበ እጅ ነበር። ጋሽ ዘነበ መሃል ከተማ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ትኬት ቆራጭ ናቸው። በቡድኑ ውስጥ ልጅም የልጅ ልጅም የላቸውም፤ የመጡት እራት ተጋብዘው ነው። እጃቸውን ያነሱት ለጨረታው አልነበረም። በር ላይ ቆሞ ቦታ የሚፈልግ ጓደኛቸውን «እዚህ ጋ ና» እያሉ ነበር። እኔ አይቻለሁ። ጓደኛቸውን አይቻለሁ፤ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበርም አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አይቼ ነው በማይክሮፎን «ጋሽ ዘነበ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ» ብዬ የጮህኩት።

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ያኔ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላልኩም። እንዲያውም ልጆቹን በእጄ ጠቀስኳቸው። አሥራ አራቱም ብድግ አሉና እንደተማሩት የሰውየውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ይጠሩት ጀመር፤ ዚ፣ ኢ፣ ኤን እያሉ፣ እየዘለሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። የቡድናችን የመጀመሪያ ትርኢት ያ ነበር። አሥራ አራት ልጆች ስሙን እየጠሩለት «እኔ አልተጫረትኩም» የሚል ሰው የት ይገኛል? ጋሽ ዘነበ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ዙሪያቸውን አዩ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ። ስኳር ስላለባቸው ከኬኩ አልቀመሱም፤ «ለልጆቹ ይቆረስ» አሉ። ገንዘቡን በሦስት ወር ከፍለው ጨረሱ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ቀልድ ቆጥሬው እኖር ነበር። አላበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዘነበ «ያላቸው ሰው» ሆኑ። ለቅሶ ሲኖር መዋጮው ከእሳቸው ይጀምራል። ለታመመውም፣ ለሚያገባውም ወረቀቱ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው፤ ሌላው እሳቸው የጻፉትን አይቶ ይጽፋል። ትንሽ ከጻፉ «ለኬክ ጊዜ እንዲህ አልነበሩም» ይባላል። እኔስ? እኔማ የባሰውን አደረግኩ። በዓመቱ ልጆቹ ሳን ሆዜ ለውድድር ሲሄዱ የመዋጮውን ዝርዝር ይዤ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄድኩ። በትኬቷ መስኮት አርባ ዶላር አቀበሉኝና «ልጆቹን በርቱ በልልኝ» አሉኝ። ተቀበልኩ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ያንን ገንዘብ የሚቀበል ምን ዓይነት ሰው ነው?

በሁለተኛው ዓመት ለማንም ሳይናገሩ ኦክላንድን ለቀው ሳን ሆዜ ገቡ። ስልክ ማንሳት ተዉ። ከሠርግም ከለቅሶም ቀሩ። «ሲያገኝ ናቀን» ተባለ። ይህ ሲባል እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ራሴንም ነቅንቄያለሁ። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው የጠራሁት እኔ፣ ስማቸው ሲነሳ አብሬ የማማውም እኔ።

ባለፈው ወር ሶልያና ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ የድሮ ቪዲዮ ስታይ ያንን ጨረታ አገኘችው። ልጆቹ ስም እየጠሩ ይዘላሉ፤ ጋሽ ዘነበ ፈገግ ይላሉ። «ዳድ፣ ይሄ ሰውዬ ሶ ናይስ፣ በጣም ደግ ነበር» አለችኝ። «ዋይ ዲድ ሂ ስቶፕ ከሚንግ? ለምን መምጣት ተወ? ምን አድርገነው ነው?»

አድርገነው አለች። ልጄ ራሷን ጨመረችበት። እኔ በእጄ ጠቅሼ ያስጮህኳት ልጅ፣ የእኔን ጥፋት ከእኔ ጋር ልትካፈል። ይህንን መሸከም አቃተኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ አድራሻቸውን አጠያይቄ፣ የኬኩን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልኝ። ጋሽ ዘነበ ቴሌቪዥኑን አጠፉ፤ ቁጭ በል ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«አልተጫረቱም ነበር» አልኳቸው። «ጓደኛዎን ነበር የሚጠሩት። አይቼ ነው የጠራሁዎት።»

ስምንት ዓመት የታፈነ ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። «እኔ እኮ የተሳሳትክ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ፖስታውን ከኪሴ አወጣሁት።

«ከዚያ ወዲህ ሰዉን ሁሉ ጠላሁት» አሉ። «ለካስ አንተን ብቻ መጥላት ይበቃኝ ነበር።»

ፖስታውን ሰጠኋቸው፤ ሳይግደረደሩ ተቀበሉኝ። «ለሰውም ንገር» ብለው በሩን አሳዩኝ። እዚያው ደጃቸው ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ኦክላንድ ያለን ሐበሾች ሁላችንም ባለንበት የስልክ ግሩፕ ላይ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። ሶልያናንም ደውዬ ነገርኳት፤ «አንቺ ምንም አላደረግሽም፤ እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ አለቀስኩ። ከለቅሶው ቀጥሎ ደግሞ ራበኝ። በደረቴ የተቀመጠው ነገር ተነስቶልኝ፣ ለስንት ዓመት እንዲያ ርቦኝ አያውቅም። ሁለት ደንበኞቼ ውላቸውን አቋረጡ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም ብሆን ከእንዲህ ያለ ሰው ኢንሹራንስ አልገዛም።

ለቡድኑ ብዬ ነው አልልም። ምንጣፉ ለልጆቹ ነበር፤ ውሸቱ ግን የእኔ ነበር። ልጆቹ ለውድድር የበቁት በላባቸው ነው።

ባለፈው እሑድ ኦክላንድ ውስጥ ምርቃት ነበር። ጋሽ ዘነበ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ጋሽ ዘነበ ተራውን ይዘው ሁሉንም አንድ በአንድ እያቀፉ ሳሙ፤ ከፊሉ «ይቅር ይበሉን» እያለ እጃቸውን አልለቅ ይላቸዋል። እኔ ጋ ሲደርሱ አለፉኝና አጠገቤ የቆመውን ሰው አቀፉ። ሰው ሁሉ አየ። እኔም ቆሜ አየሁ፤ እፎይ አልኩ። ይቅርታቸውን አልለመንኩም፣ የእናንተንም አልለምንም። ጋሽ ዘነበ ከሁሉም ሰው ጋር ታርቀው ከእኔ ጋር ብቻ ተጣልተዋል። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት።