የሶር ዓሣና የጎረቤቴ ወፍጮ

እሑድ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከሶር ወንዝ ድልድይ በታች ካለው ጥልቅ ውሃ ዳር እቀመጣለሁ። መቱ ውስጥ ያለኝ ዕረፍት ይኸው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ «ቀንስልኝ» ሲሰማ የከረመ ጆሮ፣ ዝም የሚል ፍጥረት ይፈልጋል። ከተማው ግን ዓሣ ማጥመድ የሥራ ፈት ሥራ ስለሚመስለው «አባ ቁርጡሚ» ብሎ ስም አወጣልኝ፤ በኦሮምኛ የዓሣ አባት መሆኔ ነው። ጫማ ግዛልን የማይሉ ልጆች ናቸውና ተቀበልኩ።

ከሱቄ ጎን ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤቴ በዚህችም ቀናብኝ። መንጠቆ ገዝቶ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ። ሰውዬው ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ክሩ ላይ ያሰረው ተንሳፋፊ ቡሽ ውሃው ላይ ገና ሳይረጋ ይጎትታል። በስልክ ይጮኻል። ለእኔ ሲይዝልኝ «ዕድል ነው» ይላል፤ ለእሱ አልይዝ ሲል ደግሞ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ይመኛል። ድንጋዩን ለቀቅኩለት። እዚያም አልያዘለትም።

በጋ ላይ ውሃው ሲያንስ፣ አንድ እሑድ ስወርድ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ተንሳፍፏል። ጎረቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ትልልቁን እየለቀመ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ጣት የምታክለዋን ትቷታል፤ ወንዙ ይዟት ይሄዳል።

«ብርብራ ነው?» አልኩት።

«ታዲያ እንዳንተ ቁጭ ብዬ ልለምነው?»

የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ መበተን አዲስ ነገር አይደለም፤ መርዙ ዓሣውን ያሰክረዋል። ዳሪሙ ወረዳ ገጠር ውስጥ ሲያደርጉት ግን መንደሩ ተማክሮ ነው። ከብት የሚያጠጣ፣ ውሃ የሚቀዳ የታች ሰው አስቀድሞ ይነገረዋል።

«ለታች ሰዎች ነግረሃል?»

«ወንዙን ካርታ አውጥተህበታል እንዴ? ምን አገባህ!»

ዳር ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በጣቴ ነካሁት። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው።

«ይሄ ሙቀጫ አላየም» አልኩት።

«ወፍጮ ያለው ሰው ምን በወጣው ይወቅጣል?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር በነፃ የሚሰጥ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

ሰኞ ጠዋት ጨው ሊገዙ ለመጡ ደንበኛዬ፣ «እትዬ፣ የጎረቤቴ ወፍጮ እንዴት እንደሚያደቅ ያውቃሉ? ብርብራ እንኳ አይመልስም» አልኳቸው። ሐሰት የለበትም። እትዬ በራፌ ላይ ያስቀመጡትን የበቆሎ ቋጠሮ አንስተው ባጃጅ ጠሩ፤ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ወሬው ከባጃጁ ቀደመ። በሁለት ገበያ መሐል ጎረቤቴ ደጃፍ የሚጭሩ ዶሮዎች ብቻ ቀሩ። የወፍጮውን ድንጋይ አጠበ፤ የፈጨውን አስጋግሮ ሰው ፊት በላ። የመጣለት የለም።

በመጨረሻ እኔ ሱቅ መጣ።

«አስወራህብኝ።»

«ያወራኸው አንተ ነህ።»

«ወፍጮው ንጹሕ ነው በልልኝ። አንተን ይሰሙሃል።»

«መንጠቆዬ ዓሣ የያዘ ቀን እላለሁ።»

«እስከዚያ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ዓሣ ለቅመህ የለ?»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቡሼን ይጠብቃል። ከእኔ ይልቅ እሱ ይጨነቃል።

«ነካ?»

«አልነካም።»

ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ቡሹ ሰመጠ። ስጎትት መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ተንጠልጥላ ወጣች።

«ዓሣ ነው!» ብሎ ከላይ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «አይቻለሁ! በል አሁን ተናገር!»

መንጠቆውን ከአፏ አላቀቅሁና ውሃው ውስጥ መለስኳት።

«ይቺ አልደረሰችም» አልኩት። «ትደግ።»