መለኪያዋን እስከ መቼ እንመናት?

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሊነጋ ሲል ነው። የምሠራበት ማኅበር አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ያድላል። ቁጥሩ ከሦስት ካለፈ ሰውየው ጥላ ይገባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። መለኪያዎቹ በየዓመቱ አዲስ አበባ እየመጡ ይስተካከላሉ። አለቃዬ ግን "በየሁለት ዓመቱ ቢሆንስ? ሰዎቹ እኮ እስኪመለስላቸው ባዶ እጃቸውን ነው የሚቀመጡት" አሉ። ሐሳባቸው ክፋት የለውም። እኔ የመሣሪያ ቴክኒሻን ነኝና ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ መለኪያ ይዤ እዚያ ካሉት ጋር ላነጻጽር ወጣሁ።

በቡታጅራና በሶዶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ ድረስ መለኪያው ያለበትን ሣጥን አቅፌ ተጓዝኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ካልጫንኩት ብሎ አስቸገረኝ።

"ሕፃን ነው እንዴ?"

"ከሕፃን ይብሳል" አልኩት። እስከ ሶዶ ድረስ በኩርፊያ ሲያየኝ ነበር። ማታ አርባ ምንጭ ገብቼ የጫሞን አሳ ጥብስ ስበላ ግን ድካሙም ኩርፊያውም ከሐሳቤ ወጣ።

ላንቴ፣ ጠዋት

ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ወዳለችው ላንቴ በባጃጅ ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ሙዝ ነው። መለኪያውን የያዘችው መምህርት ሰናይት መሣሪያውን ከነጨርቅ ከረጢቱ ከቦርሳዋ አወጣችው። "ከቤት ስወጣ አየዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ" አለችኝ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር አሳዩ። ከተስተካከለ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን ፍንክች አላለም። አለቃዬ ልክ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሌላው መለኪያ ወዳለበት ወደ ተራራማው ኦቾሎ የመውጣቱ ነገር ያን ጊዜውኑ ሰለቸኝ።

ኦቾሎ

በማግስቱ በሞተር ሳይክል ዳገቱን ወጣሁ። ከላይ ሲያዩት የአባያ ሐይቅ ከነቀይ ውሃው ተዘርግቷል። አቶ ዳና ሸማኔ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ብርሃን ስለሌለ ደጅ ነው የሚሠሩት። መለኪያዋ ከሽመና ዕቃው ቋሚ እንጨት ላይ በክር ታስራ ፀሐይ ፀሐዩን ታያለች።

"ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትውለው?" አልኩ።

"ታዲያ! ሣጥን ውስጥ ብትሆን ማን ያያታል? እጄ ሥራ ላይ ነው" አሉኝ።

የእኔን አጠገቧ አደረግኩ። የእሳቸው ሦስት ትላለች፣ የእኔ ስድስት። ቦታ ቀያየርኳቸው፤ ያው ነው። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለማስተካከያዋ ገና ወራት እንደሚቀራት ይናገራል። ጨረሩን የምትቀበልበት ነጭ ክዳን ግን ፀሐይ ላይ ውሎ ውሎ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ የአቶ ዳናን ጆሮ አየሁ። ጫፉ ላይ ቁስል አለ።

"ይሄ መቼ ወጣ?"

"ቆይቷል። አልድን አለ።" ክሩን እያስተካከሉ ቀጠሉ፤ "ድሮ ቆዳዬ ሲያቃጥለኝ እገባ ነበር። ይቺ መሣሪያ ከመጣች ግን ሦስት ካለች እዚሁ ደጅ ቁጭ እላለሁ። ቆዳዬ ነው የሚዋሸው አልኩ።"

መለኪያዋ ግማሹን ብቻ እንደምታሳይ ነገርኳቸው። ባለቤታቸው ማርታ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ አቀረበችልን። ፈርቼ ነበር፤ ቁስሉ የተለመደ ቁስል አይመስልም። በዚያው ቀን አብረን ወርደን አርባ ምንጭ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ለምርመራ ናሙና ወሰደና ቀጠሮ ሰጣቸው።

አዲስ አበባ

የአቶ ዳናን መለኪያ ይዤ ተመለስኩ። አለቃዬ እንደገባሁ "እህሳ፣ ሁለት ዓመት እንበል?" አሉኝ። ቦርሳ ውስጥ ለሚያድር ሁለት ዓመትም ይበቃው ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል ግን አንድ ዓመትም ብዙ ነው አልኳቸው። እስከዚህ ጉዞ ድረስ የማስተካከያ ጊዜ ሲባል የማስበው መሣሪያውን ብቻ ነበር። ባለቤቱ በየቀኑ የት እንደሚያውለው ጠይቄ አላውቅም። ተከራከርን፣ በመጨረሻ ጊዜው እንደ አዋዋሉ እንዲለያይ ተስማሙ።

ከሳምንታት በኋላ አቶ ዳና ደወሉ። ካንሰር ነበር፤ ከጆሯቸው ጫፍ ቆርጠው አውጥተውታል፣ ሐኪሙም አልተሰራጨም ብሏቸዋል። እፎይ አልኩ፣ ዓይኔም እንባ ሞላ።

"መሣሪያዋን ትልኪልኛለሽ?" አሉኝ።

"ክዳኗ ተቀይሮ ተስተካክላለች፣ እልካለሁ።"

"ላኪ። ግን እህቴ፣ እስከ መቼ እንደማምናት ንገሪኝ።"

"ሦስት ወር" አልኳቸው። "ከዚያ አንድ ቀን እንኳ ብታልፍ ቆዳዎን ይመኑ።"