የረጅሙ ፈረንጅ ወንበር

እናቴን ቀብረን፣ ሰልስቷም አልፎ፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲልልኝ፣ ነገሌ ያለውን ቤቷን ላሰናዳ ጓዳ ገባሁ። መደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ጮጮ አገኘሁና ክዳኑን አነሳሁት። ወተት ከገባበት ስንት ዘመኑ! ሽታው ግን አልለቀቀም፤ ቦረናዎች የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት የወይራ ጭስ ከቆየ ቅቤ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቀና ስል ከጮጮው ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን የታጠፈ የሸራ ወንበር አየሁት። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ፤ ያም ሆኖ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

ያ ወንበር የረጅሙ ፈረንጅ ነው። ረጅሙ ፈረንጅ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ተዛውሯል። እናቴ አገሩን "በረሃ" ትለዋለች፤ እኔ ሌላ አገር አላውቅም። ነገሌ ያን ጊዜ ቀይ አቧራ፣ ግራርና ጥቂት ቆርቆሮ ነበረች። አንድ ቀን፣ ግመል እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ቀትር፣ ከጭነት መኪና ላይ ሁለት ወጣት ፈረንጆች ወረዱ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስረዋል። አንዱ አጭርና ባለ መነጽር ነው። ሌላው ረጅም፣ ጠጉሩ እንደ ኩይሳ አፈር የቀላ፣ ቤታችን ሲገባ ጎንበስ ብሎም ግንባሩን ከጉበኑ ጋር ያጋጨ። ግንባሩን እያሻሸ ሲስቅ እኛም ሳቅን። ሚሲዮኖች ነበሩ፤ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ የመጡ። ከአጥራችን ማዶ ያለው፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ባለ በረንዳ ቤት ተሰጣቸው። እናቴ "ጸረ ማርያም ጎረቤት ደግሞ ሰጠን" ብላ አማተበችና፣ ወዲያው ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ዕቃቸውን ቤቱ ውስጥ ቆልፈው፣ አገሩን አይተን እንመለስ ብለው ወደ ፊልቱ ወረዱ። ወዲያው ዝናብ መጣና መንገዱ ተበላሸ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ አጭሩ፣ ሚስተር ሃንስ፣ ጨው በጫነ መኪና ብቻውን ተመለሰ።

እኛ አናውቅም እንጂ ረጅሙ ሞቶ ነበር። ፊልቱ ሳይደርሱ ወባ ጣለው፤ ሃንስ ጭንቅላቱን እንዳቀፈው ሞተ፤ ግመል የሚያጠጡ ሰዎች እዚያው የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ቀበሩት። ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው። እንዲዘገይ ያደረገው ሰላምታ ነው ብል የሚያምነኝ የአገሬው ሰው ብቻ ይመስለኛል።

በቦረና ዘንድ ሰላምታ ሥርዓት አለው። ሰው ከሰው ሲገናኝ "ናጋ" ይባባላል፤ ሰላም ማለት ነው። ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡስ ናጋ? ለሁሉም መልሱ ናጋ ነው። ከብት አልቆ፣ ልጅ ሞቶ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ናጋ ይባላል። ክፉው ወሬ የሚነገረው ከዚያ በኋላ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ረጋ ተብሎ ነው። ለሃንስ አዲስ አበባ ቋንቋ ያስተማሩት ሰዎች የጠየቁህን ሁሉ ናጋ በል ብለውታል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው የነገረው የለም።

ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘችው ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን አዴ ዳርሜ ነበረች። እኔና ልጇ ኤሌማ ቀሚሷን ይዘን ቆመናል።

"አካም? ናጋ?" አለችው።

"ናጋ።"

"ሎን ናጋ? ጆሌን ናጋ?" ከብትም ልጅም እንደሌለው እያወቀች ነው፤ ሥርዓቱ ስለሆነ።

"ናጋ።"

"ጓደኛህስ? ረጅሙ ናጋ?"

"ናጋ" አለ። አዴ ዳርሜ ወሬው ይቀጥል እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ሃንስ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። እሷም "እንግዲህ ደህና ከሆነ ይመጣል" አለችና ጮጮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ረጅሙን ይጠይቀው ጀመር። ወፍጮ ቤት ሲያልፍ ረጅሙ ናጋ፣ ገበያ ሲወጣ ረጅሙ ናጋ። አንዴ ናጋ ያለ ሰው ነገ ምን ብሎ ይመልሰው? ደግሞ ዛሬ ሳስበው፣ መመለስ የፈለገም አይመስለኝም። በዚያ ሰፊ ዓለም ላይ ጓደኛው ደህና የሆነበት አንድ አገር ቢኖር ነገሌ ነበረች። አዴ ዳርሜ ወተቱን ለሁለት ሰው አድርጋ ትልክለታለች፤ እሱም ተቀብሎ በሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ይቀዳል። በረንዳው ላይ ሁለት የሸራ ወንበር ዘረጋ። ከታጠበው ልብስ መካከል አንድ በጣም ረጅም ሸሚዝ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ፣ ነፋሱ እጅጌውን እየሞላ ሲያወዛውዘው እናይ ነበር። "አሃ፣ መጥቷል ማለት ነው" አልን። ማታ ገብቶ ይሆናል፣ አሞት ተኝቶ ይሆናል፣ ብቻ መጥቷል።

እናቴ በቀትር ደጅ አታስወጣንም። ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም ትላለች። አንድ ቀን እንቅልፍ ሲጥላት እኔና ኤሌማ ሹልክ ብለን ወጣንና በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅን። አቧራው ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ሃንስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በአገሩ ቋንቋ ያወራል። ትንሽ ያወራና ዝም ይላል፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይስቃል። ሰው የሚያጫውተው ሰው እንዴት እንደሚስቅ ልጅም ቢሆን ያውቃል። ሁለተኛው ወንበር ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል። ማንም የለበትም። ሸራው ግን ወገቡ ላይ ረግቦ፣ ወደ ታች ተለጥጦ ነበር፤ ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት።

ኤሌማ ክንዴን ጨመደደችኝ። ጥፍሯ የገባበትን ቦታ ዛሬ ላሳያችሁ ብል አላጣውም። ሃንስ ተነስቶ ሁለቱን ኩባያዎች አነሳ። የእሱን ደፋ አድርጎ አየው፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውንም ደፋ አደረገው። ከሱም የወረደ ጠብታ የለም።

ለእናቴ ብነግራት በቀትር መውጣቴ ያስገርፈኛል፤ ዝም አልኩ። ዝም ያላለችው አዴ ዳርሜ ናት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ተቆጥታ መጣች። አልፈራችም፤ ተቀይማ ነበር።

"ያ ረጅሙ ሰው ሥርዓት የለውም?" አለች እናቴን። "በራፉ ላይ ቆሟል። ናጋ አልኩት። ዝም። አሁንም ናጋ አልኩት። ዝም። አይኔን አየኝ እኮ!"

"አማርኛም ኦሮምኛም አይችልም ይሆናል፣ አዴ ዳርሜ" አለች እናቴ።

"ናጋ ለማለት ቋንቋ ምን ያደርጋል? ጠላቴ እንኳ ናጋ ይለኛል። እኔ በዕድሜዬ ናጋ ብዬው ዝም ያለኝ..." ብላ አቆመች። ቀስ ብላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እናቴም የምታንገዋልልበትን ሰፌድ አስቀመጠች።

ሃንስ ያን ሰሞን ከስቶ ከስቶ መነጽሩ ፊቱ ላይ አልቆም ብሎት ነበር። ክሊኒኩን ሊሠራ ያስመጣው እንጨት ደጅ ወድቆ ምስጥ በላው። መጀመሪያ ላይ ሕፃናትን ሰብስቦ ፊደል ሊያስቆጥር ይሞክር ነበር፤ እሱንም ተወው። ከበረንዳው አይወርድም። እናቴ ዶሮ ሠርታ ብትልክለት ሳህኑ እንደተከደነ ይመለስልናል። "ይሄ ልጅ አብሮ እየሄደ ነው" አለች አንድ ጠዋት። ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ አልጠየቅኋትም።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ በደንብ ሲከፈት ከፊልቱ አንድ የግመል ነጋዴ ለክርክር ወደ ፍርድ ቤት መጣ። አባቴ አቤቱታውን ሲጽፍለት ሰውየው በመስኮት፣ ማዶ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሃንስን አየውና፣ "ይሄ ልጅ እስካሁን አለ እንዴ? ጓደኛውን እኮ እኛ ነን የቀበርነው" አለ። አባቴ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ቤት መጣ። በሥራ ሰዓት ቤት ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ስትሰማ ክው አለች። ጭንቀቷ ግን የአገሯ ሰው ጭንቀት ነበር። "መርዶ አልተነገረውማ!" አለች።

"ምን ይነገረዋል፣ እጁ ላይ ነው የሞተው" አላት አባቴ።

"ማወቅና መርዶ አንድ ነው? ማን አለቀሰለት? ማን አስለቀሰው? አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር ያላለው ሬሳ ከበረንዳ የት ይሄዳል?"

አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ጎረቤቱን ሊጠራ ወጣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ መርዶ በሚረዳበት ሰዓት፣ ተሰብስበን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አዴ ዳርሜ በትሯን ይዛ፣ ከኋላ የሠፈሩ ክርስቲያንና እስላም። በረንዳው ላይ ሁለቱ ወንበሮች አሉ። ሃንስ በሩን ከፍቶ ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ደረቀ።

አዴ ዳርሜ ቀደመች። "ናጋ?" አለችው።

"ናጋ" አለ።

"ናጋ ጥሩ ነው። መጀመሪያ እሱ ነው። ከናጋ በኋላ ግን ወሬ አለ፣ ልጄ። እኔ ያን ቀን ቆሜ ጠበቅሁህ። አሁንም እየጠበቅሁ ነው።"

ሃንስ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ "ከናጋ በኋላ ምን እንደሚባል አላስተማሩኝም" አለ።

እናቴ እጁን ያዘችው። "ልጄ፣ ወንድምህ አርፏል" አለችው፣ እሱ የማያውቀውን እንደምትነግረው ሁሉ። "ስሙን ንገረኝ። ማን ብለን እናልቅስ?"

ለካስ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሙን የጠየቀ ሰው የለም።

"ላርስ" አለ ሃንስ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

እናቴ "ላርስ! ላርስዬ! ቁመትህ ለምን ሆነ!" ብላ ስትጀምር ሴቶቹ ተቀበሏት። ሃንስ እንደዚያ የሚለቀስ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ጮኾ አለቀሰ፤ መነጽሩ ወደቀ፤ አባቴ አነሳለት። እኔ ከሰዎቹ እግር መካከል ሆኜ የማየው ወንበሩን ነበር። ኤሌማም እሱን ነበር የምታየው። ለቅሶው ሲደምቅ፣ የረገበው ሸራ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰው ተጠንቅቆ፣ ማንንም ላለመረበሽ ሲነሳ ወንበር እንደሚሆነው። ነፋስ አልነበረም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ስቆብኛል፤ ይሳቅ።

ሠፈርተኛው ሃንስን ብቻውን አላስተኛውም። ለቅሶ ተቀመጠለት፤ ሰልስት ተበላ። ከዚያ እህል መቅመስ ጀመረ፤ ክሊኒኩም ተሠራ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ አገሩ ሄደ። ቤቱን ሲያስረክብ የላርስን ወንበር ለእናቴ፣ አዴ ዳርሜ የሰጠችውን ጮጮም አብሮ ሰጣት። እናቴ ወንበሩን በቀትር ዘርግታው አታውቅም። አልፎ አልፎ ግን ጓዳ ስትገባ፣ ማንም የሌለበትን ክፍል፣ "ናጋ?" ስትል እሰማት ነበር።

ዛሬ ታዲያ ያንን ጮጮ እንደያዝኩ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኤሌማ ነበረች፤ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ከሜጋ የመጣችበት አቧራ ጫማዋ ላይ እንዳለ። አዲስ ኩታ አንጠልጥላለች፤ ለእናቴ ያመጣችው ነው። የእናቴ መርዶ ሜጋ አልደረሰም ነበር፤ አልሰማችም።

"ናጋ?" አለችኝ እየሳቀች። "ልጆች ናጋ? እማማስ ናጋ?"

"ናጋ" አልኳት።

ከዚያ ጓዳ ገብቼ ወንበሩን በገዛ እጄ አወጣሁ። ዘርግቼ አስቀመጥኩላትና፣ "ነይ ቁጭ በይ፣ ኤሌማ። የምነግርሽ አለ" አልኳት።